ሕንፃው ሲያልቅ ጤናዎም አብሮ እንዳያልቅ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በአዲስ አበባ አደባባዮችና መጋጠሚያ መንገዶች ዳር ቢያልፉ፣ አካፋና ዶማ የያዙ፣ የሥራ ልብሳቸውን በፌስታል የቋጠሩ ወጣቶች ቆመው ያገኛሉ። አንድ ፒካፕ መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ሲጠጋ ሁሉም ወደዚያው ይሮጣሉ። «ስንት ሰው ነው የምትፈልጉት?»፣ «ሥራው ምንድን ነው?»፣ «በቀን ስንት ትከፍላላችሁ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይዥጎደጎዳሉ። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ሄልሜትና ጓንት አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። አንዱ ይህን እስኪጠይቅ ሌላው ቀድሞት መኪናው ላይ ይወጣልና።

ውድ አንባቢያን፤ ምናልባት ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ እርስዎ ነዎት። ወይም ልጅዎ፣ ወንድምዎ አልያም የሠፈርዎ ልጅ በዚሁ ሥራ ይተዳደራል። ቤት እያሠሩ ከሆነም ሠራተኛ ቀጣሪው እርስዎ ነዎት። በመሆኑም በዛሬው ዓምዳችን የግንባታ ሥራ ስላለው መልካም ጎን፣ በጤና ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት እንዲሁም እንዴት መጠንቀቅ እንደሚቻል እንነጋገራለን።

ሥራው ለምን ይወደዳል?

የግንባታ ሥራ ብዙዎችን የሚስብበት በቂ ምክንያት አለው። በመጀመሪያ ደረጃ ለመቀጠር ዲፕሎማ አይጠየቅም። ከገጠር ትናንት የመጣ ወጣት ዛሬ ሥራ ጀምሮ ማታ ገንዘብ ይዞ ሊገባ ይችላል። ክፍያው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ቅዳሜ ስለሚሆን ወር መጠበቅ አያስፈልግም። የቤት ኪራይ ለደረሰበት፣ ለእናቱ ገንዘብ መላክ ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት እድገቱ ነው። ብሎኬትና አሸዋ በማቀበል የጀመረ ሰው ዓይኑንና ጆሮውን ከፍቶ ከሠራ ረዳት፣ ከዚያም ግንበኛ፣ ለሳኝ፣ አናጢ ወይም ፌሮ ሠራተኛ ይሆናል። ጎበዝ ከሆነ የብቃት ምዘና ወስዶ ፎርማን የሚሆንበት፣ አልፎም በራሱ ሥራ የሚይዝበት መንገድ ክፍት ነው። ሙያው ከእጁ ላይ ስለሆነ የትም ከተማ ቢሄድ እንጀራ አያጣም።

ሦስተኛው በገንዘብ የማይለካ እርካታ ነው። ትናንት ባዶ የነበረ መሬት ዛሬ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም መኖሪያ ቤት ሆኖ ሲያዩት «እኔም እጄ አለበት» ማለት ያኮራል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ እንኳ በመጨረሻ የቆመው በኮንክሪት ሠራተኛው፣ በብየዳ ባለሙያውና በሾፌሩ ጉልበት ነው።

«ስፖርት ነው» የሚለው እውነት ነው?

ብዙ የግንባታ ሠራተኞች «እኛ ቀኑን ሙሉ ስፖርት ላይ ነን» ሲሉ ይሰማል። ከፊል እውነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። የግንባታ ሠራተኛ ይህን በአንድ ቀን ያልፈዋል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ከሚውል ሰው ጋር ሲነጻጸርም ጡንቻው ጠንካራ ነው።

ይሁን እንጂ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ በሥራ ላይ የሚደረግ ከባድ የጉልበት እንቅስቃሴ በትርፍ ጊዜ እንደሚደረግ ስፖርት ልብን አይጠቅምም። ስፖርት የሚሠራ ሰው ሲደክመው ያርፋል፤ ይጠጣል፤ ይበላል። የጉልበት ሠራተኛ ግን ደከመኝ ብሎ ማቆም አይችልም። ለሰዓታት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ይደጋግማል፤ በማግስቱም ሰውነቱ ሳያገግም ይመለሳል። ስለዚህ «ጉልበቴ አይታማም» ብሎ የደም ግፊትንና የስኳር ምርመራን መተው ስህተት ነው።

ከፍታ፦ የመጀመሪያው ገዳይ

የዓለም ሥራ ድርጅት በግንባታ ቦታዎች በየዓመቱ በትንሹ 60 ሺህ ሰዎች በአደጋ ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ገምቶ ነበር። ከእነዚህ አደጋዎች መካከል ከከፍታ መውደቅ ግንባር ቀደሙን ስፍራ ይይዛል። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ መወጣጫው ከባሕር ዛፍ እንጨት ይሠራል። እንጨቱ በዝናብ ሲርስና በፀሐይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሚስማሩም ይላላል። ትናንት የተሸከመዎት ጣውላ ዛሬም ይሸከመኛል ብለው መውጣት የለብዎትም።

ከመውጣትዎ በፊት ቋሚዎቹ ጠንካራ መሬት ላይ ማረፋቸውን፣ መረማመጃው ሰፊና በሁለቱም ጫፍ የታሰረ መሆኑን፣ በጎንም መደገፊያ መኖሩን ይመልከቱ። በብዙ አገሮች ደንብ ከ2 ሜትር ገደማ ጀምሮ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ሰው መውደቅን የሚከላከል ነገር ማዘጋጀት ግዴታ ነው። 2 ሜትር ማለት እኮ የአንድ ቤት በር ከፍታ ነው። የደህንነት ቀበቶ ከተሰጠዎት ገመዱን ከጠንካራ ኮለን ወይም ለዚሁ ከተዘጋጀ ቦታ ጋር ያስሩት። ወገብ ላይ ታጥቀው የትም ያላሰሩት ቀበቶ ከጌጥ አይለይም።

ሄልሜትን በተመለከተ «ይሞቃል»፣ «ያሳክካል» የሚሉ ምክንያቶች ይቀርባሉ። ከአራተኛ ፎቅ የወደቀች ግማሽ ብሎኬት ግን ምክንያት አትሰማም። ተሰንጥቆ ወይም ከባድ ምት አርፎበት ከነበረም መልሰው አያድርጉት። ረጃጅም ፌሮ ወይም ላሜራ ሲያነሱ ደግሞ ቀና ብለው የኤሌክትሪክ መስመር መኖሩን ያረጋግጡ። ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ፤ ከፍተኛ ኃይል የተሸከመ መስመር ከሆነ ከዚያም በላይ መራቅ ያስፈልጋል።

ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው

ከፍታን የሚፈሩ ሰዎች ጉድጓድን አይፈሩም። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል። የአንዲት ትንሽ መኪና ያህል ክብደት ደረትዎ ላይ ሲያርፍ ጭንቅላትዎ ከአፈሩ በላይ ቢሆን እንኳ መተንፈስ አይችሉም። በክረምት ወቅት፣ በተለይም ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት ቦታ፣ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ሳያስጠነቅቅ ይናዳል።

ስለዚህ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የጠለቀና ግድግዳው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ድጋፍ አይግቡ። የወጣው አፈር ከጉድጓዱ አፍ መራቅ አለበት። መሰላልም በቅርብ ይኑር። ሌሊት ዝናብ ዘንቦ ካደረ ጠዋት ከመግባትዎ በፊት ኃላፊው ግድግዳውን እንዲመለከት ይጠይቁ።

የማይታየው አቧራ

ከፍታና ጉድጓድ በደቂቃ ይገድላሉ። አቧራ ግን ይታገሣል። በአሸዋ፣ በድንጋይ፣ በኮንክሪትና በሴራሚክ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። ድንጋይ ሲጠረብ፣ ሴራሚክ በግራይንደር ሲቆረጥ ወይም ኮንክሪት ሲፈረከስ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባል። እዚያም ጠባሳ ይፈጥራል። ሲሊኮሲስ የተባለው ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመትና ከዚያ በላይ በኋላ ነው የሚታወቀው፤ ጠባሳውን መልሶ የሚያድን መድኃኒትም የለም። ሲሊካ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣም በዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ ተረጋግጧል።

ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ስጋት አለው። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከፍተኛ ከሆነባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በሲሊካ የተጎዳ ሳንባ ደግሞ ለነቀርሳ በቀላሉ ይጋለጣል። ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጠባብ ክፍል ወይም በቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ አብረው ማደራቸው በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ያመቻቻል። ሳልዎ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ «የአቧራ ጉንፋን ነው» ብለው አይለፉት። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በነፃ ይሰጣል።

መከላከያው ከባድ አይደለም። የሚቆረጠውን ነገር በውሃ ማርጠብ አቧራውን በእጅጉ ይቀንሳል። በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲቆርጡ ግን ውሃ መጠቀም ያለብዎት መሣሪያው ለዚያ የተሠራ ከሆነ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ኤሌክትሪክ ሊይዝዎት ይችላል። ወለሉን በደረቁ አይጥረጉ፤ በመጀመሪያ ውሃ ይርጩበት። አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ወይም ተራ የሕክምና ማስክ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ኤን 95 ወይም ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። የሥራ ልብስዎን ለብሰው ወደ ቤት ከመግባት ይቆጠቡ፤ አቧራውን ለልጆችዎ ይዘው ይገባሉና። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ ሳንባዎን ከሁለት ወገን እያስደበደቡት መሆኑን ይገንዘቡ።

ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን የሚያቃጥል ኃይለኛ አልካሊ ነው። አታላዩ ነገር ወዲያው አለማመሙ ነው። ሶሌታ ሲሞላ ተንበርክኮ የሠራ ወይም ቦቲው ውስጥ ኮንክሪት የገባበት ሰው ሕመሙ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቆዳው ተቃጥሏል። ከዚህም በተጨማሪ በሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም አለርጂ ያስከትላል። አለርጂው አንዴ ከጀመረ ትንሽ ሲሚንቶ በነካ ቁጥር እጅ ይሰነጠቃል፤ ያሳክካል፤ ይቆስላል። በዚህ የተነሳ የለመዱትን ሙያ ለመተው የሚገደዱ ሰዎች አሉ።

ውሃ የማያስገባ የጎማ ጓንትና ቦቲ ይጠቀሙ። የጨርቅ ጓንት ሲሚንቶውን መጥጦ ቆዳዎ ላይ ስለሚያቆየው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲሚንቶ ከነካዎት ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፤ የረጠበውን ልብስም ያውልቁ። በቤንዚን ወይም በጋዝ መታጠብ ቆዳውን ይብሱን ያደርቀዋል። ዓይንዎ ውስጥ ከገባ ሳያሹ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ያጥቡትና በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሲቆርጡም ሆነ ሲበይዱ መነጽር ያድርጉ። ዓይን ውስጥ የገባን ብናኝ በክብሪት እንጨት ወይም በነጠላ ጫፍ ለማውጣት የሚሞክር ጓደኛ ውለታ እየዋለልዎ አይደለም።

ወገብና ሸክም

የአሜሪካ የሙያ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም አንድ ሠራተኛ ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ ከ23 ኪሎ ግራም በላይ ባያነሳ ይመክራል። በእኛ ግንባታ ቦታዎች አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ያንን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ደግሞ «የተመቻቸ ሁኔታ» አይባልም። በዚህ ሥራ ላይ በርካታ ሴቶችም አሸዋ፣ ውሃና ብሎኬት በማመላለስ ይሳተፋሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ከከባድ ሸክም መራቅ ይገባታል። በቅርቡ የወለደችም ሰውነቷ እስኪያገግም ድረስ እንዲሁ።

ሲያነሱ ሸክሙን ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉ፤ ጉልበትዎን አጥፈው በእግርዎ ኃይል ይነሱ፤ ተሸክመው ወገብዎን አይጠምዝዙ። የሚቻል ከሆነ በሁለት ሰው፣ በባሬላ፣ በእጅ ጋሪ ወይም በመዘውር ይጠቀሙ። የወገብ ሕመም በአብዛኛው ቀለል ያለ እንቅስቃሴ እያደረጉ ሲቆዩ ይሻላል። ነገር ግን እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎ ይህ ድንገተኛ ሕመም ነውና ለነገ ሳይሉ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሚስማርና ጫጫታ

ከተነቀለ ጣውላ ላይ የቀረ ሚስማር ጫማ በስቶ ሲገባ ብዙዎች ቦታውን በሌላ እንጨት ቀጥቅጠው፣ ጋዝ ቀብተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ የሚባለው ገዳይ በሽታ የሚገባው በእንዲህ ያለ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነው። ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ክትባቱን ሙሉ በሙሉ የወሰደ ሰውም በየ10 ዓመቱ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል፤ ቁስሉ ቆሻሻ ከሆነና የመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ደግሞ በድጋሚ ይሰጠዋል።

ድምፅን በተመለከተ ደግሞ ቀላል መለኪያ አለ። አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገዎ ድምፁ 85 ዴሲቤል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። በዚህ ጫጫታ በየቀኑ 8 ሰዓት መቆየት የመስማት ችሎታን ይቀንሳል፤ የጠፋውም አይመለስም። የጆሮ መድፈኛ ወይም መሸፈኛ ይጠቀሙ።

ምሳ፣ ውሃና መጠጥ

ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል በሻይና በዳቦ ብቻ እስከ 9 ሰዓት መሥራት የተለመደ ነው። የራበው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ያዞረዋል፤ መወጣጫ ላይ ደግሞ ማዞር ማለት መውደቅ ነው። ሽሮና ምስርን የመሳሰሉ ጥራጥሬዎች ዋጋቸው የማይጎዳ፣ ጉልበት የሚሰጡ ምግቦች ናቸው። በሞቃት ወቅት በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት ይመከራል። በአፋር፣ በድሬዳዋና በጋምቤላ ሙቀት ለሚሠሩ ይህ በተለይ አስፈላጊ ነው። በገልፍ አገሮች በግንባታ ላይ ያሉ ወገኖቻችንም ልብ ይበሉ፤ ለምሳሌ በኳታር ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ላቡ ቆሞ ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ ወደ ጥላ አውጥቶ፣ በውሃ እያቀዘቀዙ አምቡላንስ መጥራት ይገባል።

በምሳ ሰዓት አረቄ ወይም ጠላ መጠጣትና «ጉልበት ይሰጣል» በሚል ጫት መቃም ሌላው አደጋ ነው። አልኮል ሚዛንን ያሳጣል። ጫት ድካምን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። በማግስቱ ጠዋት መወጣጫ ላይ የሚወጣው እንግዲህ ያልበላና ያልተኛ ሰው ነው።

አደጋ ሲደርስ

ሰው ሲወድቅ ሁሉም ሮጦ በእጅና በእግር አንጠልጥሎ ታክሲ ውስጥ ያስገባዋል። ይህ የርኅራኄ ሥራ የተሰበረን የአከርካሪ አጥንት ይበልጥ ጎድቶ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ከአልጋ ሊያውለው ይችላል። ሌላ የሚናድ ወይም የሚቃጠል ነገር ከሌለ በወደቀበት ይተውት፤ ጭንቅላቱንና አንገቱን ሳይንቀሳቀስ ይያዙ፤ መተንፈሱን ይከታተሉ። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይጫኑ። ሰውነቱ ውስጥ የተሰካ ፌሮ ካለ አይንቀሉት። ውሃ አያጠጡት። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ይደውሉ። ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ ሦስት አራት ሰው ሆነው ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድ መስመር ጠብቀው በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ያድርጉት።

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ኃይሉ ሳይቋረጥ አይንኩ። አፈር የተናደበትን ለማዳንም ዘለው ጉድጓዱ ውስጥ አይግቡ፤ ሁለተኛው ናዳ የሚገድለው አዳኙን ነው።

መብትዎን ይወቁ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤና የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ ቁሳቁስ የማቅረብና ስለ አጠቃቀሙ የማስገንዘብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም በአደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይቻልም።

በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ አሠሪው የሕክምና ወጪውን ይሸፍናል። ከሥራ ውጭ በሚሆንበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ብቻውን ይህን መብት አያሳጣም። ስለዚህ የአሠሪውን ስም፣ የሥራውን ቦታና አብረውዎት የሚሠሩ ሰዎችን ስልክ መዝግበው ይያዙ። በአንጻሩ ሠራተኛው የተሰጠውን ግልጽ የደህንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ገብቶ ለደረሰበት ጉዳት አሠሪው ላይጠየቅ እንደሚችል ይወቁ። የተሰጠዎትን ሄልሜት ሚስማር ላይ ሰቅለው መሥራት ከራስ ቅልዎ ባሻገር መብትዎንም ያስከፍልዎታል።

ቤት ለምታሠሩ ወገኖችም መልእክት አለን። ለበርና ለመስኮት ጌጥ የምታወጡት ገንዘብ ለጥቂት ሄልሜቶች፣ ለጎማ ጓንቶችና ለጠንካራ መወጣጫ ከሚወጣው ይበልጣል። ሰው ሞቶበት የተመረቀ ቤት ደግሞ ደስታው ሙሉ አይሆንም።

ነገ ጠዋት ፒካፑ ሲቆም «በቀን ስንት?» ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሦስት ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ሥራው ከፍታ ላይ ነው ወይስ ጉድጓድ ውስጥ? መከላከያ አለ? አደጋ ቢደርስ ማን ይዞኝ ይሄዳል?» ብቻዎን ሲጠይቁ ሌላው ቀድሞዎት ሊወጣ ይችላል። ከጎንዎ የቆሙት ሁሉ አብረው ከጠየቁ ግን ቀጣሪው መመለስ ግድ ይለዋል። በመሆኑም ዛሬ ማታ ይህን ጽሑፍ ለጓደኛዎ ያንብቡለት።